ለቅሶ የወጣው ኮምፒውተር

በቅርቡ ቢቸና ውስጥ የትምህርት ማስረጃዬን ኮፒ ላስደርግ አንድ ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ባለቤቱ ኮምፒውተሩን ከፍቶ በአፉ እፍ እፍ ይለዋል። አቧራው ፊቴ ላይ መጣ። ከአቧራው ጋር ሌላም ሽታ ነበረ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክና የጋለ ብረት። ኮፒውን ሳልጠብቅ ወጣሁ። ሰውየው «እኅቴ፣ ኧረ ወረቀትሽ!» እያለ እስከ አስፋልቱ ተከተለኝ። ሽታ አንዳንድ ሰው ያስለቅሳል ይባላል። እኔን አላስለቀሰኝም፤ አናደደኝ።

ያ ሽታ የአንድ ክረምት ሽታ ነው። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ አምስተኛ ልገባ የምጠብቅበት፣ ጋሼ ጌትነት የሞተበት ክረምት።

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው። አባታችን ቀድሞ ስላረፈ እኔን ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። ቤታችን ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በመንገዱ በኩል ያለችውን ክፍል ጋሼ ጽሕፈት ቤት አድርጓት ነበር። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ለገበያተኛው ስልክ ላይ ዘፈን ይጭናል። ሚስቱ እትዬ ስመኝ የሞጣ ልጅ ናት፤ መጻፉ የሷ ሥራ ነበር። ኪቦርዱን ስትመታ ከጓዳ ሆኖ ለሚሰማት ጎመን የምትከትፍ ትመስላለች። ጋሼ ሲሞት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሆዷ ገና መግፋት መጀመሩ ነበር።

በሽታው አልቆየም። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ምግብ እምቢ አለ፣ አበቃ። ትልልቆቹ «ጉበቱ ነው» እያሉ ሲንሾካሾኩ፣ እኔ ሥጋ ቤት ሄደን ሌላ ጉበት የማንገዛው የሰኔ ጾም ስለሆነ መስሎኝ ነበር።

በኛ አገር ሰው ሲሞት ዕቃው አብሮ ለቅሶ ይወጣል። ለገበሬ ጠመንጃውና ጋቢው፣ ለካህን መቋሚያው ይወጣል። አልቃሽ እሱን ይዞ ሜዳውን እየዞረ ያለቅሳል። ጋሼ ጠመንጃ የለው። የእማ ወንድም አጎቴ ሞላ «ኮቱንና ጫማውን እናውጣለት» ቢል እማ ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ በጫማው ነው የታወቀ? አገር ያወቀው በኮምፒውተሩ እኮ ነው!»

ተነሥታ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ገመዱ እንዴት እንደሚነቀል አታውቅም፤ ጎተተችው። ሰዉ ሲፒዩ የሚለውን ሣጥን በትከሻዋ ተሸከመች፤ አጎቴ ስክሪኑን አቅፎ ተከተላት። እትዬ ስመኝ «እማማ፣ እባክዎ እሱ ይቅር፤ ይበላሻል» ብትል ሴቶቹ ተቆጧት።

«ምን ያለችው ናት! አንቺ ባልሽን አልቅሺ!»

ሐምሌ ነው። ሜዳው መሀል ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። ለቅሶ ላይ ከዝናብ መሸሽ ነውር ነውና ማንም አልሸሸም። እማ ሣጥኑን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ «ጣትህ አርፎ የማያውቀው ልጄ፣ ዛሬ ማን ብሎህ አረፍክ!» ትላለች። ዝናቡ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች እየገባ በታች በኩል ጥቁር ሆኖ ይወርዳል፤ በክንዷ ላይ ይወርዳል። ኮምፒውተሩም የሚያለቅስ መሰለኝ። እውነቴን ነው፤ ያን ጊዜ ማንም ቢጠይቀኝ «አልቅሷል» ብዬ እምል ነበር።

ቤት ስንገባ ሣጥኑን ሳሎን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠችው። ሲከፈት ስክሪኑ ላይ የጋሼ ፎቶ ነበር የሚመጣው፤ ለቀስተኛው እንዲያየው ፈለገች።

«አብራው» አለችው ወንድሟን።

አጎቴ ሞላ ሰካው። ጧ አለ። መብራቱ ሁሉ ጠፋ። ከሣጥኑ ቀጭን ጭስ ወጣ፤ ያ ሽታ ወጣ።  ከዚያ ከማዕዘኑ አንዷ አሮጊት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው ጮኹ፦ «ተከተለው! ጌታውን ተከተለው!» ሌሎቹ ተቀበሏቸው። «ዕቃው እንኳ አዘነ! ዕቃው እንኳ አልከዳውም!» ቤቱ እንደገና በለቅሶ ተናወጠ። የእማን ፊት አየሁት። ጋሼ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኩራት የሚመስል ነገር ነበረበት።

ከዚያ በኋላ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ነው። «እኛ ቆመን እንበላለን። እሱ ግን ተከተለው።» ሣጥኑን ነጠላ አለበሰችው፤ አጠገቡ ጧፍ አቆመች። እኔን ጠርታ «አርባው ሳይወጣ ማንም እንዳይነካው። የሙት ዕቃ ከአርባው በፊት የነካ እጁ ይደርቃል» አለችኝ። ቁም ሣጥኑን ስወለውል እጄን ወደ ኋላ አድርጌ በክርኔ ነበር የምወለውለው።

ለቀስተኛው ሲቀንስ ሌላ ወሬ ተጀመረ። አጎቴ ሞላ በጽሕፈት ቤቷ ገብቶ ወጣ፤ ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አደረገ።

«ይቺ ክፍል ባዶዋን ምን ትሠራለች? ሥራ ከሌለባት ለአዲስ ዓመት እህል አስገባባታለሁ። አንቺም ስመኝ ገና ልጅ ነሽ፤ ወደ ዘመዶችሽ ብትሄጂ ማንም አይከፋብሽም።»

«ዘመዶቼ?» አለች እትዬ ስመኝ። «ሞጣ ያለችኝ አንዲት አክስቴ ናት። እሷም በሰው ቤት ነው ያለችው። ልጁ እዚህ ነው የሚወለደው አጎቴ። እዚህ የአባቱ ቤት።»

«በምን ታሳድጊዋለሽ?»

«በጣቴ።»

አጎቴ ሳቀ። እማ አላየቻቸውም፤ ጧፉን እያስተካከለች ነበር።

እትዬ ስመኝ የምትለው ቀላል ነገር ነው። በነሐሴ መጨረሻ የትምህርት ቤት ምዝገባ ይጀመራል፤ ከተማው ሁሉ ፎቶና ፎርም ይፈልጋል። ያን ጊዜ ክፍሏ ክፍት ከሆነች አጎቴም አፉን ይዘጋል፣ እሷም ትኖራለች። እማን ደጋግማ ለመነቻት። «እማማ፣ ይፍቀዱልኝና ላሠራው።» እማ የምትመልሰው አንድ ነገር ነው፦ «የሞተ አይሠራም።»

ፍልሰታ ሲገባ እማ ለሱባኤ ወደ ገዳም ሄደች። ስትወጣ ጆሮዬን ይዛ «ጠብቂው» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ስነሣ እትዬ ስመኝ የጆሮ ወርቋን አውልቃለች። ሣጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ጆንያ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«እጅሽ ይደርቃል!» አልኳት።

«ይድረቅ» አለች። «ነጠላሽን ልበሺ። ሞጣ እንሄዳለን።»

ሚኒባሱ ውስጥ ጆንያው በእግሮቼ መሀል ነበር፤ ጉልበቴ እንዳይነካው እግሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ግንደወይን ላይ የተሳፈረ አንድ ሰውዬ ጆንያውን ገፋ አድርጎ «በግ ነው እንዴ? በጾም?» አለ። «በግ አይደለም። የሞተ ነው» ስለው ሰውየው ሌላ ወንበር ፈለገ።

ሞጣ የሄድነው ጋሽ ኑሩ ዘንድ ነው። ቤተሰቡ ከጥንት ጀምሮ ሞጣ የኖሩ ነጋዴዎች ናቸው፤ አባቱ ጨርቅ ሻጭ ነበሩ፣ እሱ ራዲዮና ኮምፒውተር ያድሳል። እትዬ ስመኝን ከልጅነቷ ያውቃታል። ጥቁር ለብሳ ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ።

«ስሜ! ሰማሁ እኮ። ወላሂ እግሬን አሞኝ ነው ያልመጣሁት። አላህ ያጽናሽ።» ከዚያ ጆንያውን አየ። «እስቲ አምጪው፤ ምን አድርጋችሁ ገደላችሁት?»

በካቻቢቴ ጎኑን ፈታው። ከውስጡ የረጠበ አቧራ ሽታ ወጣ፤ እንደ አሮጌ ምድጃ ይሸታል። አረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ጥቁር ክብ ነበር፣ ዙሪያው ዝጓል።

«እርጥብ ዕቃ ላይ መብራት የሰካ ማነው? ቢቸና፣ ወንዝ ውስጥ ነው የምትሠሩት?»

እትዬ ስመኝ ዝም አለች። እኔ ግን ዝም ማለት አልወድም።

«ጌታውን ተከትሎ ነው የሞተው» አልኩት።

ሳቁ መጣበት፤ ጥቁር ሻሼን ሲያይ ዋጠው። «የኔ ልጅ፣ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ትታችሁት ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይሠራ ነበር። ሶኬቱ ነው የጨረሰው።»

እትዬ ስመኝ እጇን አንገቴ ላይ አደረገች። «ጋሽ ኑሩ፣ ይቺ ነገር እዚሁ ትቅር። ብርቄ፣ አንቺም ሰምተሻል። ለእማማ አይነገርም።»

«ለምን?»

«እሳቸው ሌላ የያዙት ነገር የለም። ለዚህ ነው።»

ጋሽ ኑሩ ከጓሮ አንድ ጥቁር ሣጥን አመጣ። ከእኛው አዲስ ነው፣ ያብረቀርቃል፤ ውስጡ ግን ሰሌዳው ብቻ ነው፣ ሌላው ሁሉ ወልቋል። «ቤት አለ፣ ሰው የለበትም» አለ። «ከናንተ ፕሮሰሰሩ ከተረፈ፣ ራሙና ሃርድ ዲስኩ ከተረፉ፣ እዚህ ይገባሉ። ካልተረፉ ምንም ላደርግልሽ አልችልም።» የጆሮ ወርቁን ተቀብሎ በወረቀት ጠቀለለው።

ከዚያ የጋሼን ዕቃ ማውጣት ጀመረ። ጠፍጣፋ ነገር ነቀለ፤ እንደ ማበጠሪያ የመሰለ ነገር ነቀለ፤ ማራገቢያውን አንሥቶ ከሥሩ ትንሽ አራት ማዕዘን አወጣ። እኔ ዕቃውን አይደለም የማየው፤ እጁን ነው። መቼ እንደሚደርቅ እጠብቃለሁ። ድንገት ጣቱ ነጭ ሆነ። አውራ ጣቱ፣ ቀጥሎ ሌባ ጣቱ፤ እንደ አመድ። ለእትዬ ስመኝ «ያዥልኝ» ብሎ ሰጣት። የሷም ጣት ነጣ።

ጮኽኩ። ምን ያህል እንደጮኽኩ ያወቅኩት ጎረቤት ያለው ጫማ ሰፊ ወስፌውን ይዞ ሲገባ ነው። «እጃችሁ! እጃችሁ ደረቀ!»

ጋሽ ኑሩ ነጩን ነገር አፍንጫዬ ላይ ቀባኝ። «ቅባት ነው አንቺ ጅል! እንዳይግል የሚቀባ ቅባት ነው። አሁን አፍንጫሽም ይደርቃል እንግዲህ።» ጫማ ሰፊው እየሳቀ ወጣ። የጋሽ ኑሩ ሚስት ከውስጥ ሻይና ዳቦ ይዛ መጥታ «ብዪ፣ የጾም ነው፣ ቅቤ የለውም» ብትለኝም አልነካሁም። አፍንጫዬን እየዳበስኩ ተቀመጥኩ።

አዲሱ ሣጥን ተሰካ። እትዬ ስመኝ ዓይኗን ጨፍናለች። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጠቆረ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ከዚያ መሀሉ ላይ የጋሼ ስም መጣ፤ ጌትነት። ስሙን ስለጠራው የሚመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ። በሩ ላይ የሞጣ ጭቃና አህያ የሚነዳ ሰው ብቻ ነበር። ስዞር እትዬ ስመኝ ሁለት መዳፏን ሣጥኑ ላይ አድርጋለች፤ እሳት እንደሚሞቅ ሰው።

ባዶውን አሮጌ ሣጥን መልሰን ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጥነው፤ ነጠላውን አለበስነው። አዲሱ ጽሕፈት ቤት ገባ። እማ ከሱባኤ ከስታ ስትመለስ እትዬ ስመኝ «የጆሮ ወርቄን ሸጬ ሣጥን አመጣሁ» አለቻት። ይህ ውሸት አይደለም። ሙሉውን እውነት ግን አርባው ሲወጣ፣ ልቧ ሲረጋ ልትነግራት ነበር። እማም «ጎበዝ» አለቻት። ምዝገባው ሲጀመር ተማሪውና ወላጁ በደጃችን ተሰለፈ። አጎቴ ሞላ አንድ ቀን መጣ፣ ሰልፉን አየ፣ ተመልሶ ሄደ። እማ በርጩማዋን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አድርጋ ያንን የጎመን መክተፍ ድምፅ ስታዳምጥ ትውል ጀመር። አንድ ጊዜ፣ ከሰው ፊት፣ የእትዬ ስመኝን ሆድ በእጇ ጀርባ ነካ አደረገችው።

አርባው በነሐሴ መጨረሻ ዋለ። ድንኳን ተጣለ፣ ካህናቱ መጡ፣ ሰዉ በላ ጠጣ። እማ ቀስ ብላ ተነሥታ ሳሎን ገባች። ልጇን በዕቃው እንደገና ልታለቅሰው ነው። እትዬ ስመኝ ከውጭ አይታት ትሪውን ጣለች፣ ሮጠች፤ አልደረሰችም። እማ ከባድ ነገር የምታነሣ መስሏት በሙሉ ጉልበቷ ነው የሳበችው። ሣጥኑ እንደ ገለባ ተነሣ። ወደ ኋላ ተንገዳግዳ ግድግዳው ያዛት። ነቀነቀችው። ውስጡ አንዲት ብሎን ብቻ ተንኳኳች።

«ሆዱስ?» አለች። «የልጄ ዕቃ ሆዱ የት ሄደ?»

እንግዳው ሲሸኝ ሽማግሌ ተቀመጠ። የንስሐ አባታችን መምሬ አስናቀ መሀል ሆኑ፤ አጎቴ ሞላ በግራቸው፣ ሁለት የሠፈር ሰዎች በቀኛቸው። እትዬ ስመኝ ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ሞጣ መሄዷን፣ የወጣውን፣ የገባውን። እንዴት እንደተቃጠለ ብቻ አልተናገረችም።

«እሺ ልጄ» አሉ መምሬ፤ «አሁን የሚሠራው ላይ የሟቹ የቱ ነው? በኛ ቋንቋ ንገሪን።»

«የሚያስበው፣ አባቴ። የሚያስታውሰው። የሚያስቀምጠው።»

«ያንቺስ?»

«ቆርቆሮው። ሽቦው።»

ከሠፈር ሰዎቹ አንዱ «እንግዲህ እሷ የቆርቆሮው ጌታ ናታ!» ብሎ ሳቀ። መምሬ አልሳቁም። ጺማቸውን ይዘው ቆዩና ወደ እማ ዞሩ።

«ወይዘሮ የሽወርቅ፣ ልጂቱ ሳትነግርዎ መክፈቷ ጥፋት ነው። ትካስዎ። ግን በሆዷ ያለውም የጌትነት ነው። ዕቃው ለልጁ እንደተላለፈ ቢቆጥሩትስ?»

 የእማ ከንፈር ሲላላ አየሁት፤ እሺ ልትል ነበር ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

«ሳትነግሪኝ ስለምን?» አለች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረውም። «በሐዘን ተከትሎት የሄደን ዕቃ መክፈት ሬሳ እንደ መክፈት ነው እኮ፣ ስመኝ።»

«በሐዘን አይደለም» አልኩ እኔ። «ዝናብ ገብቶበት ነው። እርጥቡን ሰክተውት ነው። ጋሽ ኑሩ ዝገቱን አሳይቶናል።»

«ብርቄ!» አለች እትዬ ስመኝ።

አጎቴ ሞላ «ልጅ ከሽማግሌ መሀል ምን ትሠራለች? ውጪ!» ብሎ ተነሣ። አልወጣሁም። እውነት ነበር የተናገርኩት፤ ዛሬም ብጠየቅ እሱኑ እናገራለሁ። እውነቱ ግን ማንንም አልጠቀመም። እማ ወንድሟን አየችው። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ እጆቿን አየቻቸው።

«ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ» አለች። «አብራው ያልኩት እኔ። እኔ ነኝ በሉኛ።»

«ኧረ እማማ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም!»

«ታውቂው ነበር። እያወቅሽ በየቀኑ አፌን ስታዳምጪ ከረምሽ።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘረጋችው። «አውጪው። የልጄን ዕቃ ካንቺ ቆርቆሮ አውጪልኝ።»

መምሬ ተናገሩ፤ የሠፈር ሰዎቹ ተናገሩ። እማ ነጠላውን በእጇ እያስተካከለች ጠበቀች። እትዬ ስመኝ ጽሕፈት ቤት ገብታ ጥቁሩን ሣጥን ይዛ መጣች። ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ለመንበርከክ አስቸገራት። ካቻቢቴውን አዞረች። ጋሽ ኑሩ ያደረገውን ሁሉ ከኋላ ወደ ፊት አደረገችው፤ ጠፍጣፋውን አወጣች፣ ማበጠሪያ የመሰለውን አወጣች፣ ማራገቢያውን አንሥታ ትንሿን አራት ማዕዘን አወጣች። አንድ በአንድ ነጠላው ላይ አኖረቻቸው። አላለቀሰችም። ስትጨርስ የሣጥኗን ጎን መልሳ ገጠመችው፤ ብሎኑን እስከ መጨረሻው አጠበቀችው። ቤታችን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ነበረ፤ የሚሠራ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ስመኝ ሻንጣዋንና ጥቁሩን ሣጥን ይዛ ወጣች። የእማን ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች፤ እማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ተሰልፈው የነበሩ ተማሪዎች በር ላይ ቆመው «ዛሬ አትሠራም እንዴ?» ይላሉ።

ከሄደች በኋላ እማ ነጠላውን ፈታችው። ዕቃዎቹን በጣቷ ገለባበጠቻቸው። ትንሿን አራት ማዕዘን አንሥታ መዳፏ ላይ አደረገቻት። መዳፏን እንኳ አትሞላም።

«ይኼ ነው?»

«አዎ» አልኳት።

«ይኼ ብቻ?»

«ይኼ ነው የሚያስበው።»

ብርሃኑ ላይ አዞረቻት፤ አሸተተቻት። 

«ጥሪያት» አለች። «ሩጪ። ጥሪያት።»

ሮጥኩ። መናኸሪያ ስደርስ የሞጣው መኪና ሞተሩን አስነሥቷል፤ እትዬ ስመኝ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ ሣጥኑ ጭኗ ላይ ነው። መስታወቱን መታሁት። ከፈተችው።

«እማ ትጠራሻለች!»

«ምን ብለው?»

«ጥሪያት ብላ።»

ሣጥኑን ወደ ሆዷ አስጠጋችው። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «ሞጣ! ሞጣ! የቀረ ሞጣ!» ይላል። ሻሼ ወርዶ ነበር፤ እጇን በመስኮቱ አውጥታ አሰረችልኝ፤ ጠበቅ አድርጋ።

«አላገኘኋትም በያቸው» አለችኝ። መስኮቱን ዘጋች።

በአቋራጩ፣ በጓሮዎቹ መሀል ሮጬ ቤት ደረስኩ። እማ መንገዱ ዳር ቆማለች፤ መዳፏን ጨብጣለች።

«መኪናው ሄዷል» አልኳት።

ንግግሬን ሳልጨርስ የሞጣው መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በደጃችን መጣ። ለአህያ ሲል ቀዝቀዝ አለ፤ መስኮቱ ከፊታችን ሆነ። እትዬ ስመኝ ወደ ፊት እንዳየች ነው። አለፈ።

እማ መኪናው ዳገቱ ላይ እስኪጠፋ በዓይኗ ተከተለችው። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«አዎ» አለች። «ሄዷል።»